የቤት ዋጋ የት ጨመረ፣ ለምን ጨመረ? ለታናሽ እህቴ

እህትዓለም፣ ስልክሽ ላይ የከፈትሽውን፣ ያለፉትን ዓመታት የቤት ዋጋ ጭማሪ የሚያሳይ ካርታ ከጀርባሽ ሆኜ እያየሁት ነው። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ደምቀዋል፤ እኛ ያለንበት ሜሪላንድ ፈዘዝ ብሏል። «ሂውስተን ሄደን ብንገዛ ይሻላል፣ ዋጋ የሚጨምረው እዚያ ነው» ስትዪም ሰምቼሻለሁ። ከመወሰንሽ በፊት አንዴ ቁጭ በዪና ስሚኝ። ቤት መግዛትሽን አልቃወምም፤ እንዲያውም የራስሽ በር እንዲኖርሽ ከማንም በላይ የምመኘው እኔ ነኝ። የምቃወመው የአንድ አካባቢ ዋጋ በዚህን ያህል በመቶ አደገ ሲባል ስለሰማሽ ብቻ የሠላሳ ዓመት ዕዳ ውስጥ መግባትሽን ነው።

ያ መቶኛ የሚናገረው ስላለፈው ነው። ጭማሪውን ያገኘው የትናንቱ ባለቤት ነው፤ አንቺ የምትደርሺው የጨመረውን ዋጋ ለመክፈል ነው። ስለዚህ «ስንት ጨመረ» ከማለትሽ በፊት የቱ ሰፈር፣ ምን ዓይነት ቤት፣ በማን ስሌት፣ በምን ምክንያት ብለሽ ጠይቂ። ከአራቱ የመጨረሻው ትልቁ ነው። ምክንያቱን ያላወቅሽውን ጭማሪ፣ ነገም ይቀጥላል ብለሽ ልትተማመኚበት አትችዪም።

መጀመሪያ ስሌቱን እንይ፤ ዋጋ ጨመረ የሚሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ለክተው አይደለም የሚናገሩት። ዜና ላይ በብዛት የምትሰሚው መካከለኛውን ዋጋ ነው። በወሩ የተሸጡት ቤቶች ከርካሹ እስከ ውዱ ቢደረደሩ ልክ መሃል ላይ የሚውለው ማለት ነው። እስቲ አስቢው፤ በሞንትጎመሪ ካውንቲ በአንድ ወር ውስጥ ፖቶማክ ያሉት ትልልቅ ቤቶች በብዛት ተሸጠው ዊተን ያሉት አነስተኛ ቤቶች ገዢ ቢያጡ፣ የማንም ቤት አንድ ዶላር ሳይጨምር መካከለኛው ዋጋ ከፍ ይላል። ወለድ ሲወደድ ይኸው ነገር ይብሳል። አቅሙ አነስ ያለው ገዢ ከገበያ ይወጣል፣ የሚቀረው ገንዘብ ያለው ነው፣ የሚሸጠውም ውድ ውዱ ቤት ይሆናል። ከዚያ «ዋጋ ጨመረ» ተብሎ ይዘገባል።

ከዚህ የሚሻለው ስሌት ያንኑ ቤት ሁለት ጊዜ የሚመለከተው ነው። ይህ ቤት በ2015 በስንት ተሸጠ፣ በ2024 ደግሞ በስንት ተሸጠ ብሎ ልዩነቱን ይይዛል። ኬዝ ሺለር የሚባለው መለኪያ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን፣ ከካርል ኬዝና በ2013 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ከሆነው ከሮበርት ሺለር ነው። የፌዴራሉ የቤቶች ፋይናንስ ኤጀንሲም በዚሁ መንገድ የሚያወጣው መለኪያ አለው፤ ሁሉንም ክፍለ ግዛቶችና ብዙ ከተሞችን ይሸፍናል፣ በነጻም ይገኛል። ሁለቱም ግን ይዘገያሉ። ኬዝ ሺለር የሦስት ወር አማካይ ነው፤ በጁላይ መጨረሻ የምታነቢው የማርችን፣ የኤፕሪልንና የሜይን ነው። በማርች የተጠናቀቀ ሽያጭ ደግሞ ዋጋው የተቆረጠው ከዚያ በፊት ነው። ዛሬ ገበያው ቢዞር ወረቀቱ ላይ የምታዪው ከወራት በኋላ ነው ማለት ነው።

ስልክሽ ላይ ከእያንዳንዱ ቤት ጎን የተጻፈው ግምት ደግሞ የኮምፒውተር ስሌት ነው። ምድር ቤቱ ውሃ እንደሚያስገባ አያውቅም፣ ጣሪያው ስንት ዓመት እንደቆየ አያውቅም። ዚሎው ራሱ በግምቱ ተማምኖ ቤት እየገዛ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ መተንበይ ስላቃተው ያንን ሥራ በኖቬምበር 2021 ዘጋው። የዚህን ያህል መረጃና ባለሙያ ያለው ድርጅት የጥቂት ወራትን ዋጋ መገመት ካቃተው፣ አንቺ በግራፍ ላይ የዐሥር ዓመት ተስፋ አትገንቢ።

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ ልምጣ። «ዋሽንግተን 4 በመቶ ጨመረ» ሲባል የትኛው ዋሽንግተን ነው? በኬዝ ሺለር ስሌት ዋሽንግተን ማለት ዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ከተሞች፣ ጭራሽ ከዌስት ቨርጂኒያም የተወሰነውን ይዞ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ባለ ግቢ ቤት፣ ስካይላይን አካባቢ ያለ ኮንዶ፣ አሽበርን ያለ አዲስ ታውንሃውስ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ይጠቀለላሉ። በዚህ አካባቢ ለዓመታት የታየው ግን የተለያየ ነገር ነው። መሬት ያለው ቤት ሲያድግ ኮንዶው ይንፏቀቃል፤ ዲሲ መሃል ያሉ ትናንሽ ኮንዶዎች ከኮቪድ በኋላ ገዢ ሲያጡ፣ ለቢሮ የሚሆን አንድ ትርፍ ክፍል ያላቸው ታውንሃውሶች ላይ ግን ገዢዎች ይሻሙ ነበር። አንቺ ኮንዶ ልትገዢ ከሆነ የባለ ግቢ ቤት ጭማሪ ለአንቺ ምንም አይነግርሽም። ይልቅ የኮንዶውን ወርሃዊ መዋጮ፣ የባለቤቶች ማኅበሩ በመጠባበቂያ የያዘውን ገንዘብና የስብሰባ ቃለ ጉባኤውን ጠይቂ።

ካርታው ላይ የደመቀው ቦታ ለምን እንደሚያስፈራኝ ላስረዳሽ። በ2021 ፊኒክስ 32.5 በመቶ፣ ታምፓ 29.4 በመቶ፣ ማያሚ 27.3 በመቶ ጨመሩ። ዋሽንግተን በዚያው ዓመት 11 በመቶ ገደማ ጨምሮ ኬዝ ሺለር ከሚከታተላቸው ሃያ ከተሞች መጨረሻዎቹ አካባቢ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «እኛ ቀረን» ይል ነበር። ግን ወደኋላ ሄደሽ ከ2006 እስከ 2012 ያለውን እዪ። በአገር ደረጃ የቤት ዋጋ ከሩብ በላይ ወረደ። ፊኒክስና ላስ ቬጋስ ከግማሽ በላይ ወረዱ። ዳላስ ግን 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው የወረደው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ስላልወጣ። በፍጥነት የወጣው በፍጥነት ወረደ። ላስ ቬጋስ ወደ 2006ቱ ዋጋ የተመለሰችው በ2021 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቶባት። ሂሳቡንም ልብ በዪ፦ የ300 ሺህ ቤት በግማሽ ሲወርድ 150 ሺህ ይሆናል፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን 50 በመቶ አይበቃውም፣ 100 በመቶ ማደግ አለበት።

ላስ ቬጋስ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱና ሆቴል ውስጥ እየሠሩ የኖሩባት ከተማ ናት። ገቢ ሳይጣራ ብድር ይሰጥ በነበረበት በዚያ ዘመን ቤት ገዝተው፣ ቱሪስቱ ሲቀንስ ሥራውም የቤቱም ዋጋ አብረው የወረዱባቸው ብዙ ናቸው። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የቤትሽ ዋጋና ደሞዝሽ በአንድ ገመድ ላይ ሲንጠለጠሉ አደጋው እጥፍ እንደሚሆን እንድታውቂ ነው። አንድ ከተማ በአንድ ኢንዱስትሪ ላይ ከቆመ፣ አንቺም በዚያው ኢንዱስትሪ ከሠራሽ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሁለቱም በአንድ ወር ይመጡብሻል።

እዚሁ አጠገባችንም ልዩነቱ ታይቷል። ያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ አርሊንግተን ብዙም ሳይናወጥ ሲያልፍ፣ ራቅ ብሎ ያለው ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ፣ በተለይ ማናሳስ አካባቢ፣ ክፉኛ ተመታ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በባንክ ከተወረሱት ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነበሩ። ከመሃል ከተማ እየራቀ የሚሠራው አዲስ ሰፈር በደጉ ጊዜ ቶሎ ያድጋል፣ በክፉው ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደውም እሱ ነው። ሥራ ቅርብ የሆነበት፣ ባዶ መሬት ያለቀበት ሰፈር ግን ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሲወርድም ቀስ ብሎ ነው።

ባዶ መሬት ያልኩሽን ያዢው፤ የአካባቢዎችን ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳው እሱ ነው። ሳን ፍራንሲስኮን በአንድ ወገን ውቅያኖስ፣ በሌላው ባሕረ ሰላጤ ከበዋታል፤ በዚያ ላይ የግንባታ ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል። ገዢ ሲበዛ ቤት ስለማይጨመር ዋጋው ብቻ ይጨመራል። ቴክሳስ ሜዳ ነው። ሂውስተን እንዲያውም እንደ ሌሎቹ ትልልቅ ከተሞች የት ምን እንደሚሠራ የሚወስን የዞን ሕግ የላትም። ገዢ ሲበዛ ግንበኛው በማግስቱ ወደ ዳር ወጥቶ አዲስ ሰፈር ይቆረቁራል። ይህ ለኗሪው መልካም ነው፣ ቤት እንዲረክስ ያደርጋል። «ዋጋው ይጨምርልኛል» ብሎ ለሚገዛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንቺን ቤት የምትሸጪው ከሦስት ኪሎ ሜትር ወዲያ ካለው አዲስ ቤት ጋር ተወዳድረሽ ነው።

ኦስቲንን እዪ። በኮቪድ ጊዜ ከካሊፎርኒያ ሰው ጎረፈ፣ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ገቡ፣ በሜይ 2022 በከተማውና በዙሪያው መካከለኛው ዋጋ 550 ሺህ ዶላር ደረሰ። ገንቢው ግን ከኋላ እየተከተለ ነበር። ኦስቲን ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በአገሩ ብዙ የግንባታ ፈቃድ ከሰጡ ከተሞች አንዷ ናት። ቤቱም አፓርትመንቱም ተሠርቶ ሲያልቅ ወለዱ ተወደደ፣ ገዢውም ቀዘቀዘ፤ ዋጋው ወርዶ በ2025 ወደ 450 ሺህ አካባቢ ሆነ፣ ኪራይም አብሮ ረከሰ። በ2022 ጸደይ 5 በመቶ ብቻ ቅድሚያ ከፍሎ የገዛ ሰው ከቤቱ ዋጋ የበለጠ ዕዳ ተሸክሞ ተገኘ። ሥራው እዚያው ከሆነና የሚሸጥ ካልሆነ ምንም አይነካውም፣ ይኖርበታል። ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ያለበት ግን ከኪሱ ጨምሮ ነው የሚሸጠው።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ዜና የሚባለውን ነገር ተጠንቀቂ። ወገኖቻችን በብዛት ባሉባት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ አጠገብ፣ ኢንቴል ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ፋብሪካ ሊሠራ መሆኑን በጃንዋሪ 2022 አስታወቀ፤ በ2025 ሥራ ይጀምራል ተባለ። በአካባቢው መሬት ፍለጋው ጦፈ። በፌብሩዋሪ 2025 ግን ሥራ መጀመሪያው ወደ 2030 እና ከዚያም በኋላ መገፋቱ ተነገረ። አርሊንግተን ላይ አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን እንደሚከፍት በኖቬምበር 2018 ሲያስታውቅ ክሪስታል ሲቲ ዙሪያ የሚሸጥ ቤት ጠፋ፤ የመጀመሪያው ክፍል ተሠርቶ ሲያልቅ ሁለተኛውን በማርች 2023 አቆየው። ለሲልቨር ስፕሪንግም ፐርፕል ላይን የሚባለው የባቡር መስመር አለልን፤ ከቤቴዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 21 ጣቢያ። በ2022 ያልቃል ተብሎ የተጀመረው ባቡር ወደ 2027 መጨረሻ ተገፍቷል። ቤት ሻጩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባቡሩን በዋጋው ላይ ደምሮታል። ለሚመጣ ነገር ዛሬ ከፍለሽ መጠበቅ የምትችዪ ከሆነ ግዢ፤ ካልሆነ ላለው ነገር ብቻ ክፈዪ።

የዋሽንግተን አካባቢ ሥራ ደግሞ ብዙው በመንግሥት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለዘመናት ይህ ነበር መከታችን፤ ሌላው ሲናወጥ መንግሥት ደሞዝ ይከፍላል ይባል ነበር። በ2025 የፌዴራል ሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ለሽያጭ የሚወጣው ቤት በዛ፣ ሳይሸጥ የሚቆይበትም ቀን ረዘመ። ሥራሽ የጸና ከሆነ ይህ ለመደራደር ጥሩ ጊዜ ነው። አንቺ ከመንግሥት ጋር በኮንትራት የምትሠሪ ከሆነ ግን በሁለት ሰው ደሞዝ የተሰላ ሞርጌጅ አትውሰዱ፤ በአንደኛው ብቻ መክፈል የምትችሉትን ያዙ።

ወለድን በአጭሩ ልንገርሽ፣ በሁሉም ከተማ አንድ ስለሆነ። የሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ በጃንዋሪ 2021 እስከ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 7.79 በመቶ ደረሰ። 400 ሺህ ዶላር ለተበደረ ሰው በመጀመሪያው ወለድ ወርሃዊው 1,612 ዶላር ገደማ ነው፤ በሁለተኛው 2,877። ቤቱ ያው፣ ብድሩ ያው፣ ልዩነቱ በወር ከ1,200 ዶላር በላይ። እንዲህ ሲሆን ዋጋ መውረድ ነበረበት ትያለሽ። ያልወረደው በ3 በመቶ የያዘው ባለቤት ቤቱን ሸጦ በ7 በመቶ ሌላ መግዛት ስላልፈለገ ነው። በ2024 በመላው አገር የተሸጡት ነባር ቤቶች 4.06 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ከ1995 ወዲህ ይህን ያህል ወርዶ አያውቅም ነበር። ገዢም ሻጭም እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ዋጋው ባለበት ይቆማል። አዲስ ቤት ብዙ በማይሠራባቸው በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው ምዕራብ ከተሞች እንዲያውም ጨመረ፤ በ2025 ኒው ዮርክና ቺካጎ ከፊት ሲሆኑ፣ ያቺ በ2021 ከፊት ከነበሩት አንዷ የሆነችው ታምፓ እየወረደች ነበር። የአንዱ ዓመት ደማቅ ከተማ በሌላው ዓመት ትፈዛለች።

አሁን ወደ ሂውስተንሽ። የቤቱ ዋጋ እዚህ ካለው እንደሚረክስ እውነት ነው፣ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር አለመኖሩም እውነት ነው። ግን ቴክሳስ ያንን ገንዘብ ከቤትሽ ላይ ይወስደዋል። ዳር ዳር ባሉት አዲስ ሰፈሮች ለውሃና ለፍሳሽ መስመር የሚከፈለው ተጨምሮበት የንብረት ግብሩ ከዋጋው 2.5 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በ350 ሺህ ዶላር በገዛሽው ቤት ላይ ይህ በዓመት 8,750 ዶላር፣ በወር 730 ገደማ ነው። ሞርጌጁን ከፍለሽ ብትጨርሺ እንኳ አይቀርም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ይህ ግብር 1 በመቶ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ጎርፍ አለ። በኦገስት 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅ ውሃ የገባባቸው ብዙ ቤቶች በጎርፍ ካርታው ላይ አደገኛ ተብለው ያልተመዘገቡ ነበሩ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ለብቻው ይገዛል። ፍሎሪዳ ላይም የተደበቀ ወጪ አለ። በጁን 2021 ሰርፍሳይድ ውስጥ ሕንጻ ተደርምሶ 98 ሰው ካለቀ በኋላ፣ አሮጌ ኮንዶዎች እንዲመረመሩና ለጥገና በቂ ገንዘብ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ በ2022 ወጣ። ሕጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ባለቤቶች ድንገት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መዋጮ ተጠየቁ፣ ብዙዎች ለመሸጥ ተጣደፉ፣ ዋጋውም ወረደ። በካርታው ላይ «ርካሽ» ሆኖ የሚታይሽ ኮንዶ ምናልባት ይህን ዕዳ ተሸክሞ የቆመ ነው።

ሌላም አለ። አዲስ ቤት የሚሸጠው ድርጅት ዋጋ መቀነስ አይወድም፤ ይልቅ ወለድሽን ከራሱ ኪስ ዝቅ ያደርግልሻል፣ የክሎዚንግ ወጪ ይከፍልልሻል። ስጦታው ጥሩ ነው፣ ተቀበዪው። ነገር ግን መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ሙሉው ዋጋ ስለሆነ ሰፈሩ ያልወረደ ይመስላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያለዚያ ስጦታ ስትሸጪ እውነተኛው ዋጋ ያን ጊዜ ይገለጥልሻል።

ሻጩ የሚከፍለውን የንብረት ግብርም አይተሽ አትታለዪ። ሜሪላንድ ቤትን በየሦስት ዓመቱ ትገምታለች። ሞንትጎመሪ ውስጥ ደግሞ ለሚኖርበት ሰው ግብር የሚሰላበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ የሚከላከል ቅናሽ አለ። ፍሎሪዳ በ3 በመቶ፣ ካሊፎርኒያ በ2 በመቶ ትገድበዋለች። ይህ ገደብ ግን የሻጩ ነው እንጂ ለአንቺ አይተላለፍም፤ ቤቱ ሲዞር ስሌቱ እንደገና ይጀምራል። ሃያ ዓመት የኖረ ሻጭ የሚከፍለውን አይተሽ በጀት ካወጣሽ ትቸገሪያለሽ። ሜሪላንድ ከገዛሽ ደግሞ ቅናሹ እንዲጠበቅልሽ ማመልከቻውን ራስሽ ማስገባት አለብሽ። አንድ ጊዜ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ የማያስገባው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል።

የሰፈርን ዋጋ በራስሽ ማንበብ ከባድ አይደለም። የምትፈልጊውን ሰፈርና የቤት ዓይነት ለሪልተርሽ ንገሪያትና ያለፉትን ስድስት ወራት የሽያጭ ዝርዝር አውጥታ ትስጥሽ። የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ እዪ። በስንት ቀን እንደተሸጠ፣ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀነሰ፣ ሻጩ ለገዢው ስንት እንደመለሰ እዪ። ከዚያ አሁን ለሽያጭ የወጡትን ቁጠሪ፣ በወር በአማካይ ለሚሸጡት አካፍዪ። ሠላሳ ወጥተው በወር አሥር ከተሸጡ የሦስት ወር ቤት አለ ማለት ነው፤ የሻጭ ገበያ ነው። ከስድስት ወር ካለፈ አንቺ ነሽ የምትመርጪው፣ በዋጋው ላይ ተከራከሪ፣ ኢንስፔክሽን ይደረግልኝ በዪ፣ አትፍሪ። ከኦገስት 2024 ወዲህ ቤት ከመጎብኘትሽ በፊት ከሪልተሯ ጋር የጽሑፍ ውል ትፈርሚያለሽ። ኮሚሽኑ በሕግ የተወሰነ አይደለም፣ በድርድር ነው፤ ውሉም ለአጭር ጊዜ ይሁን።

ስለ ዕቁብሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ፣ በእኛ ሰው ላይ ደጋግሞ ስለሚደርስ። ዕቁብሽ ሲወጣ አንድ ላይ ባንክ አስገብተሽ በሳምንቱ ብድር ብትጠይቂ አበዳሪው ያንን ገንዘብ «ከየት መጣ» ይልሻል። አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል፣ ምንጩ ያልተረጋገጠ ትልቅ ገንዘብ እንደ ቅድሚያ ክፍያ አይቆጥርልሽም። ስለዚህ ቀደም ብለሽ አስገቢ፣ የምትከፍዪበትንም መዝገብ ያዢ። ቤተሰብ የሚረዳሽ ከሆነ ስጦታ እንጂ ብድር አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈርማል። ባለቤትሽም ኡበር ስለሚሠራ፣ አበዳሪው የሚያየው የሁለት ዓመት ታክስ ላይ ከወጪ በኋላ የቀረውን ነው። ግብር ለመቀነስ ማይሉን ሁሉ ካስቀነሰ የመበደር አቅሙም አብሮ ቀንሷል። ይህን የምትወስኑት ቤት በምትገዙበት ዓመት ሳይሆን ሁለት ዓመት ቀድማችሁ ነው። ቅድሚያ ክፍያው 20 በመቶ ካልሞላ አትጨነቂ፤ ለመጀመሪያ ገዢ በ3 ወይም በ3.5 በመቶ ይቻላል። ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይከፈልበታል፣ በመደበኛው ብድር ላይ ዕዳሽ ከመነሻው ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲነሳልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

አዲስ አበባ ያለውን አፓርትመንት አንስተሽ «እዚያ ነው ዋጋ የሚያድገው» ላልሽውም ይኸው ጥያቄ ነው። ዶላር የምታገኚ ሰው በብር ጨመረ ሲሉሽ ወደ ዶላር መልሰሽ አስዪው። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል። በዚያ ዓመት በብር በግማሽ የጨመረ ቤት በዶላር ስታሰዪው ቀንሶ ታገኚዋለሽ። ለእናታችን መኖሪያ ከሆነ ግዢ፣ ደስ ይለኛል፤ ለትርፍ ከሆነ ሂሳቡን ሠርተሽ አሳዪኝ።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። አምስት ዓመት እንደምትኖሪበት እርግጠኛ ያልሆንሽበት ከተማ ውስጥ አትግዢ፤ ለመግዣና ለመሸጫ የሚወጣው ወጪ ብቻ ጭማሪውን ይበላዋል። ሂውስተንን ከልብሽ ከወደድሽው ሂጂ፣ ግን መጀመሪያ አንድ ዓመት ተከራዪ። ዝናብ ሲጥል መንገዱን እዪ፣ ሥራሽን አደላድዪ፣ ቤተ ክርስቲያንሽንና የልጆቹን ትምህርት ቤት እወቂ፣ ከዚያ ግዢ። እዚሁ ከቀረሽ ደግሞ ዊተንና ግሌንሞንት አካባቢ ያሉትን ታውንሃውሶች እንይ፤ እዚያ ያለው ባቡር ዛሬም ይሠራል፣ ለሥራሽም ቅርብ ነው። ወርሃዊ ወጪውን ስታሰዪ ሞርጌጁን ብቻ ሳይሆን ግብሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ የማኅበሩን መዋጮና ለጥገና የሚቀመጠውን ደምሪ፤ ያ ሁሉ ተከፍሎ የስድስት ወር መጠባበቂያ ካልተረፈሽ ቤቱ ምንም ቢያምር ዘንድሮ አይደለም። ቅዳሜ የባንክ ስቴትመንትሽን፣ የሁለቱን ዓመት ታክስና ከሪልተሯ የተቀበልሽውን የሽያጭ ዝርዝር ይዘሽ ነይ፤ አብረን እናሰላዋለን።